የድርጭቶቹ ጣሪያ

አማቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ዓይናቸውንም ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። ግቢያቸው ስገባ ከበሩ ጀምሬ ጎንበስ እላለሁ፤ ኩሽናው ደጃፍ ስደርስ ቁጢጥ ብዬ መዳፎቼን ቀስ አድርጌ አጨበጭባለሁ፤ ከዚያ እሳቸው ለቴቴ ሮዝዊታ ይናገራሉ፣ ቴቴ ደግሞ ለኔ ትነግረኛለች። ቴቴ የሚስቴ የአባቷ እህት ናት። በእኔና በአማቴ መካከል ሦስት እርምጃ ብቻ ቢሆንም ቃሉ በእሷ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። በቬንጌሬ ሰፈር ያለ አማች ሁሉ ኑሮው እንዲህ ነው። የኔ ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም የኔ አማት ቫቺሄራ ናቸው። ቫቺሄራ የሚባሉት የአጋዘን ጎሳ ሴቶች ናቸው፤ ሲያዝዙ እንጂ ሲታዘዙ ያየ የለም። የኔዋ አማት ባላቸውን ከቀበሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትእዛዙ ግን አልቀነሰም፤ ወደ እኛ ዞረ እንጂ።

ያን ሰሞን እኔ የምፈልገው ሚስቴንና ልጄን ብቻ ነበር። ሚስቴ ፓይዳሞዮ እንደ ደንቡ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ እናቷ ቤት ገባች፤ አናይሼን ወለደች፤ ልጅቱ ሁለት ወር ሞላት። ፍየሉን አምጥቻለሁ፣ ብርድ ልብሱን አምጥቻለሁ፣ የሚባለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ማታ ማታ ባዶ ክፍሌ ገብቼ ያደረ ሳድዛ፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ እያላመጥኩ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኛል። እናም አንድ ቅዳሜ ልወስዳቸው ሄድኩ።

«ሶኮ» አለችኝ ቴቴ። ሶኮ ጦጣ ማለት ነው፣ የጎሳዬ ስም ነው፤ ሲያከብሩኝም ሲያሾፉብኝም የሚጠሩኝ በዚሁ ነው። «አማትህ እንዲህ ይላሉ፤ አምና በዝናቡ ጊዜ የክፍልህ ጣሪያ አፍስሶ ልጄ እርጉዝ ሆና በባልዲ ውሃ ስትደፋ ከርማለች። አሁን የልጅ ልጄን እዚያው ልትወስዳት ነው?»

«ተጠግኗል እኮ ቴቴ! ቆርቆሮውን ሙሉ በሙሉ ቀይሬዋለሁ።»

ቴቴ ዞር ብላ ደገመችላቸው። አማቴ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ ለእሷ መለሱላት።

«ቀየርኩ ማለት ሌላ፣ ማየት ሌላ። ሃያ አራት ድርጭቶች ገዝቻለሁ፤ የፊታችን ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ ይመጣሉ። ለእነሱ ቤት ይሥራልኝ። ከገቡበት ሰኞ እስከ ሌላው ሰኞ ወፎቼ በደህና ከከረሙ ሚስቱንና ልጁን ይውሰድ። ወፍ ማኖር ያልቻለ ሰው ግን ልጅ አኖራለሁ ብሎ እዚህ እንዳይመጣ።»

ነገሩ ቢያናድደኝም በሆዴ ሳቅሁ። እኔ አናጺ ነኝ። ቁም ሣጥን ሠርቼ ጎረቤት ከተማ ድረስ ይወሰድልኛል። የድርጭት ቤት ምን አላት? አጨበጨብኩና እሺ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ድርጭት የሚያረባ ባባ ታፓንዋ የሚባል ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ያን ዓመት አገሩ ሁሉ በድርጭት ያበደበት ነበር፤ እንቁላሉ ደም ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ያጠፋል፣ የደከመ ባል ከአልጋ ያስነሳል፣ የማይባል ነገር አልነበረም። ባባ ታፓንዋ ስለ መድኃኒቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ቀጥታ ወደ ቤቶቹ ወሰደኝና እጁን ጣሪያቸው ላይ አሳረፈ።

«ዶሮ ስትደነግጥ ትሮጣለች» አለኝ። «ድርጭት አትሮጥም። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትፈናጠረው። ጣሪያው ስንዝር ከሆነ ኃይል ሳታገኝ ትመለሳለች፤ ምንም አትሆንም። ከሰው ቁመት በላይ ከሆነም ሳትደርስበት ትወርዳለች። መካከል ላይ ካደረግከው ግን በሙሉ ኃይሏ ሄዳ አናቷን ትከሰክሳለች። መካከሉ መቃብር ነው፣ ገባህ?»

«ገባኝ።»

«የግድ መካከል ከሆነብህ ከጣሪያው ሥር ልል አድርገህ ጨርቅ ወጥርላቸው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ በካርቶን ቁራጭ ላይ ነደፍኩት። ቁመቱ ስንዝር፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፤ ወለሉ ኩስ የሚያሳልፍ ወንፊት ሽቦ፤ እንቁላሉ ተንከባሎ የሚወጣበት ተዳፋት፤ ድመትና እባብ እንዳይደርስበት አራት ረጃጅም እግሮች። ለራሴም አማረኝ። ካርቶኑን ኪሴ ከትቼ አማቴ ግቢ ስደርስ ግን ሴትየዋ ቀድመውኛል። በእንጨት ጫፍ መሬት ላይ የራሳቸውን የድርጭት ቤት ንድፍ ሥለው፣ ማንም እንዳይረግጠው ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረውበታል።

«ንገሪው» አሉ ለቴቴ። «ቁመቱ ከመሬት እስከ ወገቤ። ጣሪያው ቆርቆሮ። የጎረቤታችን የማይ ንሃሞ ዶሮ ቤት እስከ ወገቧ ነው፤ የኔ ከማን ያንሳል? የኔ ወፎች እንደ እስረኛ አንገታቸውን ደፍተው አይኖሩም።»

እስከ ወገብ ማለት መካከሉ ነው። ባባ ታፓንዋ መቃብር ያለው ልክ እሱ ነው። ካርቶኑ ኪሴ ውስጥ አቃጠለኝ። ግን አማች ሆኖ የአማትን ንድፍ ፊት ለፊት ያበላሸ ሰው በቬንጌሬ አልተወለደም። ቴቴን በዓይኔ ጠቅሼ ወደ አጥሩ ወሰድኳትና ሁሉንም አንድ ባንድ አስረዳኋት። እጄን ዘርግቼ ስንዝሩን ሳይቀር አሳየኋት።

«ይሞታሉ በያቸው ቴቴ። በግልጽ ንገሪልኝ፤ ይሞታሉ።»

«እነግራቸዋለሁ፣ አታስብ» አለችኝና ኩሽና ገባች።

እኔ ከግድግዳው ውጪ ቁጢጥ ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ቴቴ ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ «ሶኮ ንድፉን እጅግ ወዶታል» ስትል ሰማኋት። «እንዲህ ያለ ቤት ሠርቼም አላውቅ ብሏል፤ እጅ ነስቷል።» አማቴ፣ «እና ምን መስሎታል!» አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ቴቴ ስትወጣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኳት።

«ምን አረግሽኝ?»

«ያዳንኩህ እኔ ነኝ» አለች፣ ቅንጣት ሳታፍር። «ያቺን ሴት ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። ሥዕልሽ ገዳይ ነው ብልልህ ልጅህ ጥርስ እስክታበቅል ሚስትህን አታያትም። የተባልከውን ሥራ። ወፉ እንደሆነ ወፍ ነው።»

እውነቱን ልናገርና፣ ተናደድኩ፤ ግን ደግሞ ቀለለኝ። ተናግሬያለሁ፣ ያላደረሰችው እሷ ናት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህ ሰበብ ሙሉ ሳምንት አገለገለኝ። ቤቱን እንደተባልኩት ሠራሁት፤ ምን ዋጋ አለው እንጂ መጋጠሚያው ፀጉር የማያስገባ ነበር። ዙሪያውን ወንፊት ሽቦ አለበስኩት፤ አንደኛው ጎኑ ላይ ሰፊ በር፣ በሌላው ጎን እንቁላል የሚለቀምበት መስኮት አወጣሁለት። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አደነቀ። ሰኞ ዕለት ሃያ አራቱ ድርጭቶች ገቡ፤ እያንዳንዷ ከጭብጥ አትበልጥም።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ አንዷ ሞታ ጠበቀችኝ። የጎረቤት ውሻ ጮኾ ነው አሉ። አናቷ ላይ ያለው ላባ ተገፎ ቆዳዋ ጠቁሯል። አማቴ ከኩሽናው ደጃፍ ሆነው ለቴቴ፣ «የመጀመሪያዋ የበሽታ ናት፣ አልቆጥራትም። ሁለተኛ ግን እንዳላይ በይው» አሉ። እኔ አጨበጨብኩ።

ፓይዳ ልጅቷን ታቅፋ ከአጥሩ ሥር መጣች።

«ጣሪያው ነው አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«በምን አወቅሽ?»

«ጣሪያውን ስታይ ፊትህን አይቼ ነዋ! ለምን አትነግራትም?»

«እንዴት ብዬ? በየት አፌ? ከሥሩ ጨርቅ እንኳ ቢወጠር ይተርፉ ነበር።»

«እሺ እኔ አሮጌ መጋረጃ እወጥርበታለሁ።»

ወጠረችም። ሐሙስ ጠዋት አማቴ ጨርቁን አዩና ነቅለው ጣሉት፤ አይጥ ሊራባበት ነው፣ ደግሞ አዲስ ቤት ውስጥ ቡትቶ ማን አባቱ ሰቀለ ብለው ጮኹ። ፓይዳ ባሌ ነው ያለኝ እንዳትል እኔን ማሳጣት ሆነባት፤ ዝም አለች። እኛ ቤት ዝምታ የሁሉም ሥራ ሆነ። የዚያን ቀን የሥራ ቦታዬ ላይ የአንድ ቁም ሣጥን በር አሳጥሬ ቆረጥኩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የቆርቆሮ ኳኳታ ብቻ ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ በምሥራቅ በኩል ያለው ሰማይ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ በረዶ ይዞ ነው የሚመጣው። በረዶ ቆርቆሮ ላይ! መጋዜን ጥዬ ሮጥኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ግቢው ጭር ብሏል። ፓይዳ ልጅቷን ለማስመዘን ጤና ጣቢያ ሄዳለች፣ ቴቴ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አላት። አማቴ ብቻ ናቸው ያሉት። የምወጥረው ጨርቅ ፈለግኩ፤ የልብስ ገመዱ ላይ አንድም የለም፤ ዝናቡን ፈርተው ሁሉንም አስገብተውታል። የመኝታ ቤታቸው በር ክፍት ነበር፤ እዚያ መግባት ግን ለአማች የማይታሰብ ነው። ገና ግራ ተጋብቼ ስቆም የመጀመሪያው በረዶ ቆርቆሮውን መታው፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ወረደ።

ድርጭቶቹ ተፈናጠሩ። ድምፁን ልረሳው አልቻልኩም። ከላይ በረዶው፣ ከታች የወፎቹ አናት፣ ያንኑ ቆርቆሮ ይመቱታል። አንዷ ወድቃ ተንቀጠቀጠች፤ ሌላዋ ወድቃ አልተነሳችም። በሩን ከፈትኩና ሸሚዜን ገፍፌ በአንደኛው ጥግ ከምስማር ጋር አያያዝኩት። ሲሶውን እንኳ አልሸፈነም። ሦስተኛዋ ወደቀች።

አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል።

«ሮዝዊታ! ሮዝዊታ!» ይላሉ። «ንገሪው! ወፎቼን ያድንልኝ በይው! ሮዝዊታ!»

ሮዝዊታ የለችም። ሮዝዊታ ግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ መዝሙር እየዘመረች ነው። እኔ ደረቴ እርቃኑን ሆኖ፣ እጄ እስከ ትከሻዬ ድርጭት ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ቀና ስል ዓይኔ ያረፈው ሴትየዋ ከቀሚሳቸው በላይ ባገለደሙት ሰፊ ሽርጥ ላይ ነበር። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሁለት ሜትር የሚሞላ ጨርቅ።

«ሽርጥሽን ፍቺና ስጪኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

እስካሁን ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ለገዛ እናቴ እንኳ እንዲህ ብዬ አላውቅም። አማቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«አልሰማሽም? ፍቺው! ጣሪያው ነው የሚገድላቸው! በዚያ በኩል ዙሪና በመስኮቱ ያዢልኝ! ፍጠኚ!»

ፈቱት። ያቺ ሴት፣ ቬንጌሬን የምታንቀጠቅጠው ሴት፣ ሽርጧን ፈታ በበረዶው ውስጥ እየሮጠች በወዲያኛው በኩል ዞረች። እኔ ከበሩ፣ እሳቸው ከመስኮቱ ጫፍና ጫፉን ይዘን ከጣሪያው ሥር ልል አድርገን ወጠርነው። ድርጭቶቹ እየተፈናጠሩ ጨርቁን ይመቱታል፤ ጨርቁ ይቀበላቸዋል፤ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። እያንዳንዱ ምት በጨርቁ በኩል እጄ ላይ ይሰማኛል፣ የእሳቸውም እጅ ላይ እንደሚሰማ አውቃለሁ። በረዶው ጀርባዬን ይገርፈዋል። ፊታቸው በወንፊቱ ሽቦ በኩል ፊት ለፊቴ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የፓይዳ ዓይን ነው ያላቸው። ያለቅሱ ነበር።

«አትልቀቂው» አልኳቸው። 

«አልለቅም» አሉ። በቀጥታ ለኔ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፣ ዝናቡም ሳሳ። ክንዴ ደንዝዟል። የሞቱትን አንድ ባንድ አውጥቼ የኩሽናው ደረጃ ላይ ደረደርኳቸው፤ አምስት ነበሩ። አማቴ እርጥቡ ደረጃ ላይ በቀሚስ ብቻ ተቀመጡ። እኔ ወዲያው እንደ ድሮዬ ፊቴን አዙሬ ቁጢጥ አልኩ፤ ድፍረቱ ከበረዶው ጋር ቀለጠ።

«ጣሪያው ነው ያልከው በምን አወቅክ?» አሉኝ።

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ቴቴ የለችም።

«እ... ባባ ታፓንዋ ነገረኝ።»

«መቼ?»

«ቤቱን ከመሥራቴ በፊት።»

«ከመሥራትህ በፊት» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ለቴቴ ነግሬያታለሁ።»

«ሮዝዊታ ወዶታል፣ እጅ ነስቷል ነው ያለችኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። «ከግድግዳው ውጪ ሆኜ ሰምቻለሁ» አልኩ።

አማቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። ጎንበስ ብዬ የማየው እግራቸውን ብቻ ነበር፤ እርጥብ፣ ጭቃ የነካው እግር።

«ሰምተሃል። እንደሚሞቱ ታውቃለህ። መልእክትህ እንዳልደረሰ ታውቃለህ። ከዚያ መዶሻህን አንስተህ ሠራህ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ነገ የልጅ ልጄ ትኩሳት ቢይዛት፣ ልጄ ተሳስታ የማይሆን ነገር ልስጣት ብትል፣ ወይ እኔ ተሳስቼ ብል፣ አንተ ምን ልታደርግ ነው? ቁጢጥ ብለህ ልታጨበጭብ? ሮዝዊታን ልትልክ? አምስት ወፍ ሞተብኝ ብዬ አይደለም። ወፍ እገዛለሁ። ልጅቷን ግን አልሰጥህም! ሰምተሃል? አልሰጥህም።»

የሚነግሩኝ ሁሉ ልክ ነበር፤ ያመመኝም እሱ ነው። ሆኖም «አልሰጥህም» የምትለዋ ቃል ከወገቤ ቀና አደረገችኝ። ቆምኩ። አማቴ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አምስቱን እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኩ። «ስድስት ናቸው፤ የረቡዕዋም የኔ ናት። አፌን ይዤ ገደልኳቸው። ግን ዛሬ ምን እንዳልኩዎት ሰምተዋል። ሽርጥሽን ፍቺ ብያለሁ፤ አንቺ ብያለሁ። ይህን ሁሉ ያልኩት ለወፍ ነው፣ እማዬ። ጭብጥ ለማትሞላ ወፍ። ለልጄ ሲሆን ምን የምል ይመስልዎታል?»

ጣሪያው ጠርዝ ላይ የቀረው ውሃ ይንጠባጠባል። የተረፉት ድርጭቶች ጥግ ተሰብስበው ትንፋሻቸው ቶሎ ቶሎ ይላል።

የግቢው በር ተንኳኳና ፓይዳ ጃንጥላ ይዛ፣ አናይሼን ጀርባዋ ላይ አዝላ ገባች። ባሏን ደረቱ ራቁቱን፣ እናቷን ያለ ሽርጥ አየች። ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ?»

«ምን እንሆናለን? ዘነበ» አሉ አማቴ። «ይልቅ የልጅቷን ልብስ ሰብስቢ። ነገ ከባልሽ ጋር ትሄጃለሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንተ ግን ለዛሬው አፍህ ፍየል ታመጣለህ። ሮዝዊታ ፍየሉ ለምንድነው ስትልህ ደግሞ አላውቅም በላት፤ ስለ ሽርጡ አንዲት ቃል እንዳትሰማ። ሰፈሩን ሁሉ ታዳርሰዋለች።»

ፓይዳ ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት ልጅቷን ፈታ ሰጠችኝ። ወተት ወተት ትሸታለች። ደረቴ ቀዝቃዛ ስለነበር ተንፈራገጠች፤ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅኩትም።

አማቴ እርጥቡን ሽርጣቸውን ጨመቁና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ወደ ድርጭት ቤቱ ሄደው ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ስንት ነበር መሆን የነበረበት?» አሉኝ።

ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ ሌላውን ዘረጋሁና ስንዝሩን አሳየኋቸው። የራሳቸውን እጅ ዘርግተው ከእኔው ጎን አስቀመጡት፤ አዩት።

«ይህቺው ናት?»

«ይህቺው ናት። ረጅም እግር ይሠራለታል፤ ከፍታው ከማይ ንሃሞ ዶሮ ቤት ይበልጣል።»

ደረጃው ላይ የተደረደሩትን አምስቱን ድርጭቶች ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህን ያኔ ብትለኝ» አሉ፣ «እቆጣ ነበር። ለአንድ ቀን እቆጣ ነበር። ከዚያ እሺ እልህ ነበር።»